የጸደቀው ስህተት

በ1998 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ላይ፣ አምቦ መናኸሪያ አጠገብ የቀድሞ ተማሪዬን ጊፍቲ አመዩን በአጋጣሚ አገኘኋት። ለግብርና ሥልጠና ወደ ባኮ ልትሄድ ሻንጣዋን ይዛለች፤ ፊቷ ግን ልክ አልነበረም።

«ምን ሆነሻል?» አልኳት።

«ቲቸር፣ ስህተቱን አጽድቀው እኔን ኮነኑኝ!» ብላ አንድ ደብዳቤ ሰጠችኝ።

ማሠልጠኛው የአባቷን ስም «አበዩ» ብሎ መዝግቦ ኖሮ፣ ወደ ሥልጠናው የላካት የአምቦ ግብርና ጽሕፈት ቤት ስሙን «ሬክቲፋይ» እንዲያደርግ በእንግሊዝኛ ጠይቋል። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ኦቦ ኢዶሳ ደግሞ ከሥሩ «ጸድቋል» ብለው ማህተም አሳርፈውበታል። ምዝገባው በማግስቱ ያበቃል፤ ስሟ ከመታወቂያዋ ካልገጠመ ቦታዋ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ሳቄ ቢመጣም ዋጥ አድርጌ አብሬያት ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄድኩ።

«አካም ቡልታን፣ ኦቦ ኢዶሳ» አለች ጊፍቲ ዝቅ ብላ፣ በኦሮምኛ እንደምን አደሩ ስትል። «ይህን ቢያርሙልኝ ብዬ ነው።»

«ልጄ፣ አጽድቅ ተባልኩ፣ አጸደቅሁ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና» አልኩ እኔ፣ «ማጽደቅ ‹ራቲፋይ› ነው። ‹ሬክቲፋይ› ማለት የተሳሳተውን ማረም ነው። ስሙን አስተካክሉ ነው ያሏችሁ።»

ኦቦ ኢዶሳ መነጽራቸውን አወለቁ። ደግ ሰው ናቸው፤ ተሳስቻለሁ ማለት ግን ሞታቸው ነው።

«ይሁን። ግን ሃያ ሰባት ዓመት ስርዝ ድልዝ ያለበት ወረቀት ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። ማህተም ካረፈ በኋላ ቢታረም ጽሕፈት ቤቱ አይዋረድም?»

ጊፍቲ ጥቂት አሰበች። «ኦቦ ኢዶሳ፣ የጤፍ ማሳ አለዎት?»

«ደንዲ ወረዳ አለኝ።»

«ዘንድሮ አላረሙትም?»

«እንዴት ሳላርም! ሁለት ጊዜ አሳርሜዋለሁ።»

«ታዲያ ጎረቤት ‹ማሳው አረም ነበረበት› ብሎ አዋረደዎት?»

«የሚታማውማ ያላረመው ነው...» ብለው ጀመሩና ቆም አሉ። ከዚያ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። «አይ አንቺ! በገዛ ማሳዬ ያዝሽኝ።»

አዲስ ደብዳቤ ጻፉ፤ «ቀደም ሲል ያጸደቅሁት በራሴ ስህተት ነው» የሚል ቃልም ጨመሩበት። እጃቸው ማህተሙ ጋ ከደረሰ በኋላ ተመለሰና ወረቀቱን ለጊፍቲ አቀበሏት። አንብባ ጣቷን አንድ ቃል ላይ አሳረፈች።

«ተናገሪ እንጂ!»

«መስከረምን... ጥቅምት ብለውታል።»

«ጎሽ!» ብለው ቀደዱትና እንደገና ጻፉ።

ጊፍቲ የስድስት ሰዓቱን አውቶቡስ ደረሰችበት። በዚያ ቢሮ ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ሳያነበው ማህተም የሚያርፍበት ወረቀት የለም፤ ባለጉዳይም ለአንዲት ፊደል ብሎ ሳምንት አይመላለስም። ስህተትን በጊዜ ማረም የሰውን ዕድል ያተርፋል፤ ክብርም አይቀንስም።

ኦቦ ኢዶሳን በሌላ ቀን መንገድ ላይ አገኘኋቸው።

«ሃያ ሰባት ዓመት አልተሳሳትኩም እል ነበር» አሉኝ እየሳቁ። «ለካ የሚነግረኝ ሰው ነው ያጣሁት።»