ያልሸሹት ወፎች

ተማሪዎቼን ረግረጉን ለማስጎብኘት ፈቃድ ልጠይቅ በሄድኩበት ጠዋት፣ በጥብቅ ስፍራው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ተገጣጠምን። የእኔን ሠርግ ያነሱት ፎቶግራፍ አንሺ ናቸው። የበራሪ ካሜራቸውን፣ የድሮኑን፣ ሻንጣ ታቅፈዋል፤ ፊታቸው ግን ቅጭም ብሏል።

ያስቆጣቻቸው ለካ የገዛ እህታቸው ልጅ ናት። የፈቃድ ክፍሉ ኃላፊ እሷ ነች፤ ወፎቹ ጎጆ በሠሩበት ዳርቻ መቅረጽ አይቻልም ብላቸዋለች። ተያይዘን ስንገባ ነገሩን አጫወቱኝ። ባለቤታቸው እግራቸው ከከዳቸው ወዲህ ከአልጋ አይወርዱም። በደኅናው ዘመን ሁለቱ በየዓመቱ እየመጡ ወፎቹን ያዩ ነበርና፣ አንዴ እንደገና ባየኋቸው ብለው ተመኝተዋል።

«ላሳደገችሽ ሴት ነው የምለምንሽ» አሉ ሽማግሌው። «ወፍ አልገድል፣ ዛፍ አልቆርጥ። ለፎቶ ደግሞ የምን ፈቃድ ነው?»

ልጅቱ ብድግ ብላ ወንበሯን ለቀቀችላቸው። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«አጎቴ፣ እርስዎ ክፉ እንደማያስቡ አውቃለሁ። ግን እናቲቱ ወፍ ደንግጣ ከተነሳች እንቁላሉም ጫጩቱም ፀሐይ ላይ ይቀራሉ። ድሮኑ ሲያንዣብብባት ጭልፊት መጣብኝ ነው የምትለው። ደግሞስ ለእርስዎ ፈቅጄ ሌላውን ባለካሜራ በምን አፌ እከለክላለሁ?»

ሕግን ለዘመድ የሚያላላ ሹም ብዙ አይቻለሁ፤ እንዲህ እያከበረ እምቢ የሚል ግን ብርቅ ነው። እሷም እምቢ ብላ አልተወቻቸውም። ከማዶ በሸምበቆ የተጋረደ መመልከቻ ዳስ እንዳለ፣ ድሮኑን ትተው ረጅሙን ሌንስ ከያዙ ፈቃዱን ዛሬውኑ እንደምትጽፍላቸው፣ ጠባቂም አብሯቸው እንደሚሄድ አስረዳቻቸው። ሽማግሌው ከዚያ ርቀት ወፍ ላንሳ ጉንዳን ማን ይለየዋል እያሉም ቢሆን ፈቃዱን ተቀብለው ሄዱ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ቤታቸው ጠሩኝ፤ ልጅቱም ነበረች። ከዳሱ ሆነው የቀረጹትን ፊልም ከባለቤታቸው አልጋ ትይዩ ግድግዳው ላይ አበሩት። እናቲቱ ክንፏን ዘርግታ ለጫጩቶቿ ጥላ ሆናለች፤ አንዱ ጫጩት ወንድሙን ረግጦ አፉን ይከፍታል። ወይዘሮዋ ሳቁ።

«እኛ ስንደርስ ሁልጊዜ እንደበረሩ ነበር» አሉ። «ተቀምጠው አይቻቸው አላውቅም። ለካ ሲሸሹን ኖሯል።»

ሽማግሌው ወደ እህታቸው ልጅ ዞሩ።

«ልጄ፣ እምቢ ስላልሽኝ እግዜር ይስጥልኝ። እሺ ብትዪኝ ኖሮ ባዶ ጎጆ ነበር ይዤላት የምመጣው።»

ከዚያ ወዲያ ያወራነው ስለ ፈቃድ ጥቅም ነበር። ባለካሜራው የት ቆሞ መቼ ቢቀርጽ እንደሚሻል ይነገረዋል፤ ጠባቂ ስለሚከተለው ረግረግ አይውጠውም፤ ወፎቹም በሰላም ስለሚፈለፍሉ ለከርሞው ተመልካች ይተርፋሉ። ሽማግሌው ወደ ስቱዲዮአቸው መጥቶ ረግረጉ ዳር ልቀረጽ ለሚል ሙሽራ ሁሉ ይህንኑ ሊመክሩ ቃል ገቡ። ወይዘሮዋ ግን ወሬያችንን አልሰሙም፤ የልጅቱን እጅ ይዘው፣ ፊልሙን ከመጀመሪያው እንድታስጀምርላቸው ይለምኗት ነበር።