ሳይፈስ ማሟረት

ከቤተ ክርስቲያን አትላንታ አጠገብ ወዳለችው ስኔልቪል፣ ለክርስትና ድግስ በሚወስደን ቫን ውስጥ፣ ከኋላዬ የተቀመጡ እናት አጠገባቸው ያለችውን ወጣት ጠየቋት።

«ልጄ፣ ሥራሽ ምንድን ነው?»

«ለመንግሥት ነው የምሠራው፣ እማማ። ትልልቅ መርከቦች ነዳጅ ቢፈስባቸው ምን እንደሚያደርጉ ቀድመው ፕላን ይጽፋሉ። እኔ ይሠራል ወይ ብዬ ሪቪው አደርገዋለሁ።»

«አትላንታ ደግሞ ምን መርከብ አለ?»

«በኢሜይል ነው የሚመጣልኝ።»

«አሁን ነዳጁ ፈሷል?»

«ኧረ አልፈሰሰም።»

«ታዲያ ሳይፈስ ቢፈስ ብሎ መጻፍ ሟርት አይደለም እንዴ?»

«ከፈሰሰ በኋላማ የሚደወልለት ሰው ሲፈለግ ይረፍዳል። እኔ ራሴ የጻፉት ስልክ ላይ ደውዬ ቼክ አደርጋለሁ። አንዴ ፒዛ ቤት አነሳልኝ።»

«በስመ አብ! ደግሞ እየደወልሽ ታሟርቺባቸዋለሽ?»

«እማማ፣ እግርዎ ሥር ያለው ድስት ምንድን ነው?»

«ቀይ ወጥ ነዋ። ቅቤው ሞልቶ ከላይ ተንሳፍፏል።»

«ክዳኑ ይገጥማል?»

«የራሱ ጠፍቶብኝ የሌላ ድስት ክዳን ነው ያደረግኩበት።»

«ቢፈስስ?»

«ኧረ አታሟርቺ! በእግዚአብሔር ፈቃድ አይፈስም።»

«አንዳንድ ካፒቴኖችም ልክ እንደዚህ ጽፈው ይልካሉ።»

«ጎበዞች! አንቺስ ምን ትያቸዋለሽ?»

«እንደገና ጻፉ ብዬ እመልስባቸዋለሁ።»

ሾፌራችን ቀይ መብራት ላይ ድንገት ፍሬን ሲይዝ፣ እኔ ነጭ ቀሚሴን ሰብስቤ ሁለቱንም እግሬን ወንበሩ ላይ አወጣሁ።