ርዕሱ ያለበት ገጽ

አቶ ሱሌማን ጀልባ ሠርተው ሲጨርሱ ወዲያው ውሃ አያስገቡትም። መጀመሪያ ያስወጉታል። ማስወጋት የሚሉት ሌላ አናጢ ጠርቶ ሳንቃውን አንድ በአንድ በወስፌ ማስፈተሽ ነው። ወጊው የበሰበሰ ወይም ያልደረቀ እንጨት ሲያገኝ ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ሠሪው ግን ፍተሻው እስኪያልቅ አፉን ይዞ ይቀመጣል። ልማዱን የተማሩት ከአባታቸው ነው። ራሱን አዋቂ ያደረገ አንድ አናጢ ሳያስወጋ የለቀቀው ጀልባ ደልጊ ወደብ ሳይደርስ አራት ሰው ይዞ ከሰመጠ ወዲህ፣ የእነ ሱሌማን ቤት ያልተወጋ ጀልባ ለሐይቁ ሰጥቶ አያውቅም።

በ1975 ዓ.ም. ጥር ወር፣ አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ እንዲሁ እያስወጉ ነበር። ጎረቤታቸው አናጢው ቢያዝን ወስፌውን ይዞ ጀልባው ሥር ተጋድሟል፤ እሳቸው ከዋርካው ጥላ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዝም ብለዋል። ወደ ዘጌ የሚሻገር ጀልባ የሚጠብቅ አንድ ኮት የለበሰ ወጣት ፀሐይ ሲበረታበት መጣና፣ እንዲጠለል ፈቃድ ጠየቀ። በእጃቸው ቦታ አሳዩት። ቢያዝን "ከኋላ ሁለተኛው ሳንቃ ለስልሷል፣ ይነሳ" ብሎ ወስፌውን አቀብሏቸው ሲሄድ ነው አቶ ሱሌማን አፋቸውን የፈቱት።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ፍተሻ ላይ ስለነበርሁ ነው። ከየት ነዎት?"

"መምህራን ኮሌጅ አስተምራለሁ። አስማማው እባላለሁ።"

አቶ ሱሌማን ልጃቸው ሊሆን የሚችለውን ሰው አንቱ ያሉት ለመምህርነቱ ክብር ነው። "ልጄ እናንተ ዘንድ ናት" አሉት ደስ ብሏቸው። "ዘሊካ ሱሌማን። ሁለተኛ ዓመት።"

የመምህሩ ፊት ተለዋወጠ። ከድንጋዩ ሊነሳ ቃጣና ተመልሶ ተቀመጠ፤ ከዚያም ዝምታው ያስጨነቀው ሰው እንደሚያደርገው አፉ ላይ የመጣለትን ተናገረ። "ጎበዝ ልጅ ናት። ክበባችን፣ የሥነ ጽሑፍና የክርክር ክበቡ፣ ዘንድሮ እንደገና ተፈቅዶ ተከፍቷል። ቅዳሜ እሷ ተናጋሪ ናት። ዕጣ ስናወጣ ተቃዋሚነት ደረሳት።"

ወስፌው ከአቶ ሱሌማን እጅ ወደቀ።

ከአምስት ዓመት በፊት ይህንኑ ቃል ሰምተውት ነበር። የመጀመሪያ ልጃቸው ኢስሀቅ በዚሁ ኮሌጅ ተማሪ ሳለ ታጣቂዎች መጥተው ወሰዱት። ሦስት ቀን ሙሉ ከበር በር ሲንከራተቱ ቆይተው፣ በአራተኛው ቀን አንድ ካድሬ "ልጅህ ተቃዋሚ ነው፤ በገዛ ክበባቸው መዝገብ ተጽፎ ተገኝቷል" አላቸው። ሬሳ አልተሰጣቸውም። ለቅሶ እንዳይቀመጡም ተነገራቸው። የኢስሀቅ እናት ያላለቀሰችውን ልቅሶ ይዛ በዓመቱ ሞተች። አቶ ሱሌማንም ከዚያ ወዲህ የልጃቸውን ስም ጮክ ብለው ጠርተው አያውቁም፤ ምን አድርጎ እንደነበር ሲያስቡም ይፈሩ ነበር።

"ከክርክሩ አስወጧት" አሉ። "ዛሬውኑ። አለዚያ ከኮሌጁም አወጣታለሁ።"

"አቶ ሱሌማን፣ ክበቡ የቀልድ ቤት አይደለም። ነገ ገጠር ወርዳ ስድሳ ልጅ ፊት ስትቆም፣ አንዱ ተነስቶ ለምን ብሎ ቢጠይቃት አለንጋ ነው የምታነሳው ወይስ መልስ? ክበቡ ይህን ያለማምዳቸዋል። አንዱ ግጥሙን ያነባል፤ ሌላው ጉድለቱን ይነግረዋል፤ ሳይቀያየሙ ይለያያሉ። የክርክሩን ወገን በዕጣ የምናወጣውም በምክንያት ነው። ያላመነበትን ወገን ይዞ የተከራከረ ልጅ ከእሱ የተለየ የሚያስበውን ሰው ጠላቴ ነው አይልም።"

"አነጋገርዎ ያማረ ነው። የእኔም ልጅ እንዲህ ያምርለት ነበር" አሉ አቶ ሱሌማን። "አሁን እኔ የምጠይቅዎ አንድ ነገር ነው። በዚህ ዘመን የተናገረ ልጅና ዝም ያለ ልጅ፣ ሲመሽ የትኛው ነው ቤቱ የሚገባ?"

መምህር አስማማው መሬቱን አየ። "ዝም ያለው" አለ።

"ይኸው አለቀ።"

ይህን ያሉት ፈሪ ስለነበሩ አይደለም። በዚያ ዘመን ብዙ ወላጅ ልጁን ሲያሳድግ ከፊደል በፊት ዝምታ ያስተምር ነበር፤ ያየውን አይቷልና ማንም ሊፈርድበት አይችልም። ጉዳቱ ግን ዝምታ እንደ ቤት ልብስ አውልቀው የሚተዉት ነገር አለመሆኑ ነው።

"ጀልባዎን ግን ያስወጋሉ" አለ አስማማው።

"ወስፌ የያዘ ሰው አይታሰርም።"

"ሠሪው ጀልባዬን ማንም እንዳይነካ ብሎ ቢከለክልስ?"

"ይሰምጣል።"

"ማን ነው የሚሰምጠው?"

"የተሳፈረው ነዋ። ሠሪውማ ዳር ላይ ነው ያለው።" ከአፋቸው ከወጣ በኋላ አቶ ሱሌማን ዞር ዞር ብለው አዩ፤ አስማማውም አየ። ከሐይቁ በቀር የሚሰማ አልነበረም።

በዚህ መካከል ዘሊካ የአባቷን ምሳ ይዛ መጣች። መምህሯንና አባቷን ጎን ለጎን ስታይ ሁሉም ገባት፤ ሳህኑን አስቀምጣ ቆመች።

"ለምን ደበቅሽኝ?" አሏት።

"አይፈቅዱልኝም ብየ ነው አባየ። ክርክሩ ለገጠር ትምህርት ቤት መጀመሪያ የሚያስፈልገው የውሃ ጉድጓድ ነው ወይስ መጽሐፍ የሚል ነው። ሐይቅ ዳር የተወለድሁት ልጅ ውሃው ይቆይ ባይ ሆኛለሁ። ሌላ ክፉ ነገር የለበትም።"

"ወንድምሽም ክፉ ነገር የለበትም ነበር የሚለኝ። ስለ መንግሥት ሲከራከር ነው የያዙት።"

"አይደለም" አለ አስማማው።

እጁን ወደ ኮቱ የውስጥ ኪስ አስገባና ከመታወቂያው ሽፋን ውስጥ አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ወረቀቱ ከመታጠፊያው ሊበጠስ ደርሷል። ግርጌውን በጣቱ እያሳየ ለአቶ ሱሌማን ሰጣቸው። እሳቸው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማንበብ ከተማሩ ገና ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ከዓይናቸው አርቀው፣ ፊደሉን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት።

"ቃለ ጉባኤ። የዕለቱ የክርክር ርዕስ። ከገጠር ኑሮ የከተማ ኑሮ ይሻላል።" ወረቀቱ እዚያ ላይ አለቀ። ገለበጡት፤ ከጀርባው ምንም አልተጻፈበትም። "ይህ ምንድን ነው?"

"የኢስሀቅ የመጨረሻ ክርክር ነው። የክበቡ ጸሐፊ እኔ ነበርሁ። ካለፈው ስብሰባ ሥር ርዕሱን ጽፌ ገጹ አለቀብኝ፤ ስለዚህ በሚቀጥለው ወረቀት ራስ ላይ 'ተቃዋሚዎች' ብየ የእነ ኢስሀቅን ስም ጻፍሁ። መዝገቡን የበረበሩት ሰዎች ያንን ቅጠል ብቻ ቀደው ሄዱ። ይኸኛው መዝገቡ ላይ ቀረ፤ ወዲያው ቀድጄ ኪሴ ከተትሁት።"

"ተቃዋሚ የተባለው..."

"ከተማ ይሻላል የሚለውን ስለተቃወመ ነው። ዕጣው ገጠር ይሻላል የሚለውን ሰጠው። 'አባቴ በሠራው ጀልባ ሐይቁን የሚሻገር ሰው ከተማ ምን ይሠራለታል?' ብሎ አዳራሹን አሳቀው። ስለ እርስዎ ነበር የተናገረው።"

አቶ ሱሌማን አለቀሱ። አምስት ዓመት ልጃቸውን ሲጠረጥሩት ኖረዋል፤ ከሞቱ ይልቅ ይህ አንገበገባቸው። ዘሊካ ልትይዛቸው ስትቀርብ በእጃቸው ከለከሏት። ቀና ሲሉ አንቱታው ከአፋቸው ጠፍቶ ነበር።

"አንተ ያን ጊዜ የት ነበርህ?"

"እዚያው ነበርሁ። ተማሪውን ሁሉ ሜዳ ላይ ሰብስበው ቅጠሉን አነበቡት። ይኸኛው ገጽ በኪሴ ነበር።"

"ምን አልህ?"

"ምንም አላልሁም።"

"ታዲያ ክርክር መማር ምን ረባህ? ከሰው መሐል ቁሞ መናገር ያለማምዳል የምትለኝ፣ አንተ ለምደህ ልጄን ሲወስዱት ዝም ካልህ፣ ሴት ልጄን ለምን ትፈልጋታለህ?"

ይህ ጥያቄ ለማንም የሚከብድ ነው። "ያን ጊዜ ክበቡ ከተከፈተ ሦስት ወሩ ነበር" አለ አስማማው። "በተቆረጠ በሦስት ወሩ የመጣ ሳንቃ ለጀልባ ይሆናል?"

አቶ ሱሌማን መልሱን የሚያውቁት ጉዳይ ስለሆነ አልዋሹም። "አይሆንም። ይጣመማል።"

"እኔም ተጣመምሁ። ከሁላችን አንዱ ተነስቶ 'ርዕሱ ያለበት ገጽ የት አለ?' ቢል ልጅዎ ይተርፍ ነበር አልልዎትም፤ አላውቅም። ነገር ግን የጠየቀ አልነበረም። መጠየቅ የለመደ አልነበረማ። ዘሊካን ቢያስቀሯት ከአደጋ ያርቋት ይሆናል። ያን ቀን ሜዳው ላይ እንደነበርነው ዓይነት ሰው ግን አንድ ጨመሩ።"

"የምትከፍለው እሷ ናት። አንተ አይደለህም።"

"እውነት ነው።"

"አባየ" አለች ዘሊካ፣ "ቢያዝን መንገድ ላይ አግኝቶ ነግሮኛል፤ ሳንቃው ለስልሷል ሲልዎት ተቀየሙት?"

"ለምን እቀየመዋለሁ? ሰው ነው ያዳነ።"

"እንግዲያ እኔንም ይተዉኝ።"

አቶ ሱሌማን ወስፌውን ከመሬት አንስተው በጣታቸው ጫፉን ዳበሱ። ከዚያ በኋላ የተናገሩት የፈቃድ ቃል አልነበረም፤ የሥራ ትእዛዝ ነበር። "ያ ቃል ከመዝገብ ይውጣ። ከአሁን ወዲህ ማንም ልጅ ተቃዋሚ ተብሎ አይጻፍ። ርዕሱም በእያንዳንዱ ገጽ ራስ ላይ ይደገም፤ ገጽ ቢቀደድ ምክንያቱን ይዞ ይቀደድ።"

አስማማው ደስ ብሎት "ቀኝ ወገንና ግራ ወገን ብለን እንጽፋለን" አለ።

"ቀኝ? ባለፈው ማክሰኞ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ቀኝ መንገደኛ የተባለው ሰውየ እስካሁን ቤቱ አልገባም።"

"ወጊና ተወጊ ብንልስ?"

"ወጊማ ጦር ይመስላል።"

ሦስቱም ተያዩ። የአንድ አገር ሰው ልጁን የሚጠራበት ንጹሕ ቃል አጥቶ ዋርካ ሥር ሲቀመጥ ያሳዝናልም፣ ያስቃልም። ቃሉን ያገኘችው ዘሊካ ናት። "አዳራሹ አንድ በር አለው፣ በፊት ለፊቱ መስኮት። የበር ወገንና የመስኮት ወገን እንበል።" በር ወይም መስኮት ተብሎ የታሰረ ሰው ማስታወስ ስላልቻሉ በዚያው ረጋ።

ቅዳሜ ከሰዓት አቶ ሱሌማን የጁምዓ ጋቢያቸውን ለብሰው ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ከፊት ረድፍ የወጣቶች ማኅበሩ ተወካይ ማስታወሻ ደብተሩን ጭኑ ላይ ዘርግቷል። የበር ወገን ሆና ስለ ውሃ ጉድጓድ የተናገረችው አገርነሽ የምትባል የዘሊካ የክፍል ጓደኛ ናት፤ በሚገባ ተናገረች። ዘሊካ ከመስኮቱ በኩል ቆማ መለሰች። ድምጿ መጀመሪያ ላይ ተሰበረ፣ ኋላ ግን ጠና። ውሃ የጎደለበት መንደር ለልመናው እንኳ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ያስፈልገዋል ስትል፣ አቶ ሱሌማን ቀበሌ ማመልከቻ ሊያስጽፉ ደጅ የጠኑበትን ዘመን አስታውሰው በሐሳቧ ተስማሙ።

ሰብሳቢው ከታዳሚው ጥያቄ ያለው ሰው እንዳለ ሲጠይቅ ተነሱ። "መዝገቡን አሳዩኝ" አሉ። ጸሐፊው አመጣላቸው። ርዕሱ በገጹ ራስ ላይ ነበር፤ ገለጡ፣ በሚቀጥለውም ላይ ነበር። ያን ጊዜ የታጠፈውን ወረቀት ከጋቢያቸው ሥር አወጡ። "ይህም የዚህ ክበብ ገጽ ነው። ከመዝገቡ ይለጠፍልኝ። ከሥሩም 'የመስኮት ወገን፣ ኢስሀቅ ሱሌማን' ተብሎ ይጻፍ።"

ሰብሳቢው ወደ ተወካዩ አየ፤ ተወካዩ ብዕሩን ከፈተ። ዘሊካ ልትነሳ ስትል አባቷ በዓይናቸው አስቀመጧት። መምህር አስማማው ተነሳ። "ያን ቀን ጸሐፊው እኔ ነበርሁ። የክርክሩን ርዕስ ጽፌ ልጁን ከርዕሱ የለየሁት እኔ ነኝ" አለ። ቀጥሎ ከበሩ ወገን አገርነሽ ተነሳች። "ዛሬ ከመስኮት ወገን ጋር በምንም አልተስማማሁም፤ በዚህ ግን ይጻፍ እላለሁ" አለች። ከዚያ አንድ ሌላ ተነሳ፤ ከዚያም አራት አምስት ሆኑ። ተወካዩ የተነሱትን ሲቆጥር ቆየና ስማቸውን መጻፍ ሳይጀምር ብዕሩን ዘጋ። ሰግቶ ይሁን አፍሮ ማንም አላወቀም።

ከዚያ ክበብ የወጡት መምህራን ዛሬ በየገጠሩ ናቸው። በየደረሱበት ርዕሱን በየገጹ ይደግማሉ፤ ተማሪያቸው ለምን ሲላቸው አለንጋ አያነሱም፤ ሰው ሲከሰስ ሌላው ገጽ የት አለ ብለው ይጠይቃሉ። በጠየቁ የተቀጡም አሉ። የክበብን ጥቅም የሚጠይቅ ወላጅ ቢኖር የሚነገረው ይኸው ነው፤ ከዚህ የበለጠ ተስፋ መስጠት ሐሰት ይሆናል።

ያን ቅዳሜ ጸሐፊው ስሙን ጽፎ ሲጨርስ አቶ ሱሌማን ጎንበስ ብለው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። ኢ፣ ስ፣ ሀ፣ ቅ። ከዚያ ጋቢያቸውን ሰብስበው እዚያው ወንበሩ ላይ ለቅሶ ተቀመጡ፤ ተማሪዎቹም አንድ በአንድ እየመጡ "አላህ ያጽናዎት" አሏቸው።