ለ«ከት ዳውን» የተሰጠ ምሳሌ

ከመካኒሳ በተሳፈርኩበት ታክሲ፣ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ዩኒፎርም የለበሱ ልጃገረዶች ስለ እንግሊዝኛ የቤት ሥራቸው ያወራሉ።

«ቲቸር ለ‹ከት ዳውን› ከቤታችሁ ምሳሌ ስጡ ሲል ምን ብለሽ ጻፍሽ?»

«መቀነስ አይደል? ‹አጎቴ ሲጋራ ቀነሰ› አልኩ። አንቺስ?»

«‹እናቴ የልብ ኪኒኗን ቀነሰች።›»

«ሐኪሙ ነው ቀንሺ ያላት?»

«ኧረ እሱማ በቀን ሁለት ነው ያዘዘላት። እሷ ናት ግማሽ ግማሽ እየሰበረች የምትውጠው።»

«ለምን?»

«አባዬ ከሥራ ከተቀነሰ ወዲህ እንዲበረክትላት ነዋ።»

«ታዲያ እናንተ ክፍል ሲገባ ቲቸር ምን አለሽ?»

«ክፍሉ ፊት አቁሞ አስነበበኝ። ከዛ ‹ጎበዝ! አጨብጭቡላት!› አለ። ሁሉም አጨበጨቡልኝ።»

ብስራተ ገብርኤል ላይ መውረድ ነበረብኝ፤ «ወራጅ አለ» ሳልል አለፈኝ።