የተዋሱት ሕመም

እንዴት አደርሽ፣ ተናኘ? ነይ፣ ነይ እዚህ ጋ ቁሚ፤ ቦታ ይዤልሻለሁ። ዛሬ እንኳ ሳሙና ገብቷል አሉ፤ ስኳሩ ገና ነው። ልጆቹ ደህና ናቸው? ትንሹን ሳሉ ለቀቀው? እሰይ፣ ተመስገን። ይሄ የመካኒሳ ጭቃ እኮ ሳል ይዞ ነው የሚመጣው። እኔማ ከአቦ እስከዚህ ስደርስ አንዱን እግሬን ስነቅል ሌላው ሲሰምጥ... ምን ይደረግ፣ ሰልፉ ለሁላችንም እኩል ነው። እኩል መሆኑ ደስ አይልም? አንቺ ለሰፈሩ አዲስ ስለሆንሽ አታውቂውም እንጂ፣ ይሄ የኅብረት ሱቅ ገና ሲከፈት ሰልፍ የማያውቃቸው ሰዎች ነበሩን። በጓሮ በር ነበር የሚስተናገዱት። ዛሬ እነሱም እንደኛው ካፊያ እየመታቸው ይሰለፋሉ። እኩልነት እንዲህ ነው... ዘግየት ይላል እንጂ አይቀርም።

ኧረ ወደ ፊት አትዪ፣ እቱ! ከፊታችን ስለቆሙት ሴትዮ አይደለም የማወራው። እሳቸውማ ብርድ ነው መሰለኝ ነጠላቸውን ጆሯቸው ላይ ደረብ አድርገዋል፤ ቢፈልጉም አይሰሙን። እኔ የማወራሽ ስለ ሌላ ሰው ነው። ስለ አንዲት... ስለ አንዲት ደግ ሰው።

የሴቶች ማኅበራችን ሊቀመንበር ነበሩ። አሁን ወንበሩን ለቀዋል፤ በፈቃዳቸው ነው አሉ፤ እኔ ምን አውቃለሁ? እንደሳቸው ያለ አንደበት ግን መካኒሳ ከእንግዲህ አታገኝም። ብሔራዊ ውትድርና የታወጀ ሰሞን ቀበሌው አዳራሽ ቆመው፣ «ልጇን ለእናት አገሯ የማትሰጥ እናት፣ እናት አይደለችም» ሲሉ አዳራሹ ተንቀጠቀጠ። እኛ እናቶቹማ ቀድመን ተንቀጥቅጠን ነበር። ልጆቹ መኪና ላይ ሲጫኑ ደግሞ ከፊት ሆነው እልል የሚያሰኙን እሳቸው ናቸው። የምታለቅስ ካዩ ጠጋ ይሉና፣ ቀስ ብለው፣ በፍቅር፣ «እንባሽን ጥረጊ፤ ሰው ያይሻል» ይላሉ። እንዲህ ያለ አዛኝ የት ይገኛል? ማን ነው የሚያየን ብለን አንጠይቅም ነበር... እናውቀው ነበራ።

የኔን ደምሰውን አይተሽዋል አይደል? በራችን ሥር በርጩማ ላይ የሚቀመጠው። አዎ፣ ልጄ ነው። ድሮ እንዲህ አልነበረም። እንጨት ሥራ ቤት ውስጥ ይሠራ ነበር፤ አከራይሽ ቤት ያለው ትልቁ ቁም ሣጥን የሱ እጅ ነው። ኋላ እንቅልፍ እምቢ አለው። ግድግዳው ይሰድበኛል ይል ጀመር። ጆሮውን በሁለት እጁ ይይዝና፣ አንገቱን ወደ ቀኝ አጋድሎ፣ «ዝም በሉ፣ ዝም በሉ» ይላል። ጸበል ወሰድኩት፤ ጭንቅላት የሚታይበት ሐኪም ቤትም አስተኛሁት። ኪኒኑን ሲውጥ ደህና ይሆናል፤ ሲተወው ይመለስበታል። እንዲያው እንዲያው እያልን መጋዙን መልሶ ጨብጦ ነበር።

ምልመላው ሲመጣ ታዲያ አልደነገጥኩም። ሞኝ አይደለሁ? የታመመ ልጅ ማን ይወስዳል ብዬ ነው። የሐኪም ቤቱን ካርድ ይዤ ሕክምና ቦርዱ ፊት ቆምኩ። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ ካርዱን አየ፣ ደምሰውን አየ፣ አመነታ። «የቀበሌው ሰው ምን ይላል?» አለ። የቀበሌው ሰው ማን ነበሩ? እኚሁ ደጋችን ናቸው! እንዴት ያለ ምስክርነት ሰጡለት መሰለሽ። «ይሄን ልጅ ከሕፃንነቱ አውቀዋለሁ፤ እንደሱ ያለ አስተዋይ በሰፈሩ የለም። የእናት ፍራት ነው እንጂ ሕመም የለበትም» አሉ። ልጄን እንዲህ አድርጎ ያመሰገነው ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም፤ ከዚያም ወዲህ የለም። እናት ነኝና ደስ አይለኝም? ብቁ ነው ተባለ። ተጫነ። እኔም እልል አልኩ... እንባዬን ጠርጌ።

እሳቸውም አንድ ልጅ አላቸው። የደምሰው አብሮ አደግ ነው፤ በአንድ ትሪ በልተው፣ በአንድ ኳስ የሰው መስኮት ሰብረው ነው ያደጉት። ምስኪን፣ እሱም በዚያው ሰሞን ታመመ። ምን ትገረሚያለሽ? ሕመም ቀጠሮ አለው እንዴ? ትናንት ሜዳ ላይ ኳስ ሲለጋ ያየሁት ልጅ፣ ስሙ በተጠራ ማግስት ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ፣ አንገቱን ወደ ቀኝ አጋድሎ፣ «ዝም በሉ፣ ዝም በሉ»... ድምፁን ከአጥር ወዲያ ስሰማ ደምሰው የተመለሰልኝ መስሎኝ በባዶ እግሬ ሮጬ ወጣሁ። ቃሉ እንኳ አልተለወጠ። አንገቱ እንኳ፣ ለይሉኝታ ያህል፣ ወደ ግራ አላለ።

ታዲያ ቦርዱ እንዴት አያዝን? «የአእምሮ ሕመም ታሪክ ያለበት፣ ለውትድርና ብቁ ያልሆነ» ብሎ ወሰነለት። የሰው ወርቅ አያደምቅም ይላሉ አበው። እኔ ግን አይቻለሁ... የሰው ሕመም ደህና አድርጎ ያድናል። ጎረቤት አይደለን? ወንፊት እንዋዋሳለን፣ ሙቀጫ እንዋዋሳለን። ሕመምስ ቢዋሱን ምን አለበት? ብቻ ወንፊቱ የኛ መሆኑን እንኳ የሚያምነን አጣን እንጂ።

ደምሰውን ኋላ መለሱልኝ። ኪኒኑን ማሠልጠኛው በር ላይ ነው አሉ የጣሉበት። ግንባር ምን እንዳየ እሱም አልነገረኝ፣ እኔም አልጠየቅኩት። ብቁ አለመሆኑ ያኔ ታወቀላቸው። አሁን በር ሲንኳኳ አልጋ ሥር ይገባል። እኔን አንዳንዴ ያውቀኛል፣ አንዳንዴ «ይቺ ሴትዮ» ይለኛል። ያቺን ደግ ሰው ግን ስቶ አያውቅም! በበራችን ባለፉ ቁጥር ብድግ ይልና፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ወታደራዊ ሰላምታ ይሰጣቸዋል። ከዓይኑ እስኪሰወሩ አያወርደውም። እንዲህ የሚከበር ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ትሕትናቸው ደግሞ! ክብሩ ከብዷቸው ነው መሰለኝ፣ አሁን አሁን በወንዙ በኩል ዞረው ነው የሚሄዱት። በዚህ ጭቃ።

ብቻ የምልመላው ዙር ሲያልፍ የልጃቸውም ሕመም አብሮ አለፈ። ማትሪኩንም አለፈ። ወዳጆቻቸው ውለታ አይረሱም፤ ሶቪየት ኅብረት ሄዶ ምሕንድስና እንዲማር ስኮላርሺፕ ተገኘለት። ሻንጣው ተገዝቶ፣ ካፖርቱ ተለክቶ፣ እኛም እንኳን ደስ ያለዎት ብለን ነበር። ያቺ ጉደኛ ውሳኔ ብቅ አትል መሰለሽ! የአእምሮ ሕመም ያለበትን ሰው ማን ሞስኮ ይልካል? አስቢው እስቲ... ለጦር ሜዳ ያበደ፣ ለሞስኮ የዳነ ልጅ። ሐኪምስ ምን ብሎ ይጻፈው?

እሳቸው ግን ብልህ ናቸው። ይግባኝ አሉ። ልጄ ጤነኛ ነው፣ ውሳኔው ይነሳልኝ አሉ። የይግባኙ ቦርድም እናቱም ቀርበው ያስረዱ፣ የሰፈር ምስክርም ይምጣ አለ። ወደ ማን ቢመጡ ጥሩ ነው? ወደኔ! ልጄን ካመሰገኑልኝ ቀን ወዲህ ደጄን ረግጠው የማያውቁ ሰው ብርቱካን ይዘው መጡ። ደምሰው ሰላምታውን እየሰጠ፣ እሳቸው ግድግዳ ግድግዳውን እያዩ፣ «እትዬ ገበያነሽ፣ አንቺ የእብደትን ነገር ታውቂያለሽ። የኔ ልጅ እንደዚያ አለመሆኑን ካንቺ የበለጠ ማን ይመሰክራል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ከኔ የበለጠ ማን አለ?

ሄድኩ። እስከ ነፋስ ስልክ በእግር፣ ከዚያ በአውቶቡስ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ እንደ እህትማማች። የቦርዱ ሰብሳቢ ሻለቃ ነው፤ ጸጉሩ የሸበተ፣ አነጋገሩ ቀስ ያለ። «እማማ፣ ይህ ልጅ ታሞ ያውቃል?» አለኝ። «ጌታዬ፣» አልኩ፣ «እኔ የራሴን ልጅ ሕመም አውቃለሁ። የሱን እናቱ ቆመዋል፤ እሳቸው ቢናገሩ አይሻልም?» ምን ልበል? እናት ቆማ ጎረቤት ምን አግብቶት ይቀድማል? ሻለቃው ወደሳቸው ዞረ። «ታዲያ ያኔ ጆሮውን ይዞ የጮኸው ምን ሆኖ ነው?» አላቸው። እሳቸውም ቸኮሉ። እናት ለልጇ ስትል ትቸኩላለች... «ኧረ ጌታዬ! ልጄ አንድም ቀን ታሞ አያውቅም! ያኔም ጤነኛ ነበር፣ ዛሬም ጤነኛ ነው!»

ሻለቃው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ልጁ አቀረቀረ። እሳቸው ብቻ ፈገግ እንዳሉ ቀሩ፤ ያሉትን ገና አልሰሙትማ! «ያኔም ጤነኛ ነበር?» አለ ሻለቃው። አልተቆጣም እኮ፤ ጨዋ ሰው ነው። «መልካም። ይግባኝዎ ተሰምቷል፤ ውሳኔው ተነስቷል። ልጅዎ ብቁ ነው።» እሳቸው «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው እጅ ነሱ። ገና ጎንበስ እንዳሉ ጨመረላቸው፤ «ብቁ ስለሆነ ያመለጠውን ዘመቻ አሁን ይሄዳል። ሞስኮ የትም አትሸሽም።»

ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይባል የለ? እናት ያቦካችው ግን ይኸው ለጦር ሜዳ በቃ። ለመሆኑ ይግባኝ ማለት ምን ማለት ነው፣ ተናኘ? እንዲያው ቃሉን ስሚው እስቲ... ይግባኝ። አውቶቡሱ ውስጥ ስንመለስ ከፊታቸው አየሁት። ገባቸው።

ልጁን ግን... አይ፣ ልጁን አልተቀየምኩትም። ሊሄድ ሲል መጥቶ ነበር። ከደምሰው ጎን መሬት ላይ ቁጭ አለ። እጁን ያዘው። ደምሰው እንኳን ሰው ሊነካው፣ ሲጠጉትም አይወድ፤ የዚያን ቀን ግን እጁን አልነጠቀውም። ትኩር ብሎ አየውና፣ «አንተንም ይሰድቡሃል እንዴ?» አለው። ልጁ አለቀሰ። እኔ ቆሎ ላምጣ ብዬ ጓዳ ገባሁና፣ ቆሎው የት እንዳለ ጠፋኝ። እዚያው ጨለማው ውስጥ ቆሜ... ተይው። ይሄን ደግሞ ለምን ነገርኩሽ?

ስለ ደግነታቸው ነበር የጀመርኩት። ሽኝቱን ብታዪ! ልጃቸው መኪናው ላይ፣ እሳቸው እንደ ወትሯቸው ከመኪናው ፊት። ሴቱ ሁሉ አፍ አፋቸውን ያያል። አፋቸውን ከፈቱ... ድምፅ የለም። ደግመው ከፈቱ፤ የለም። ዝም ብሎ ማየት ነውር ነው አልኩና እኔ ጀመርኩላቸው። እልልታውን ሴቱ ተቀብሎ አቀለጠው! ከዚያ ጠጋ ብዬ፣ ትከሻቸውን ይዤ፣ ቀስ ብዬ፣ በፍቅር፣ «እንባዎን ይጥረጉ፤ ሰው ያይዎታል» አልኳቸው። ደግነት ይማሩታል እንጂ አብሮ አይወለድም መቼም።

አሁን ደግሞ ወሬ መጥቷል። የጎረቤታችን የአቶ ኦልጅራ ልጅ እግሩን ቆስሎ ሲመለስ ነው ያመጣው። ያ ልጅ ምሽግ ውስጥ ጆሮውን ይዞ ቁጭ ብሏል አሉ። የአሁኑ የምሩን ነው አሉ። አይበላም፣ አይተኛም። አዛዡ ግን፣ «ይሄን ጨዋታ አዲስ አበባ ጨርሰህ መጥተሃል» እያለ ያሥቃል አሉ። እናትየውም እንደገና አመለከቱ፤ ልጄ ታሟል፣ ይታይልኝ ብለው። ቦርዱ ምን ይበል? አንድም ቀን ታሞ አያውቅም ያሉት ማን ሆኑና? የናትን ቃል ማን ይሽራል? ይኸው ካንዱ ቢሮ ወዳንዱ ቢሮ ሲሉ ይውላሉ። ወንበሩንም የለቀቁት ጊዜ እንዲያገኙ ነው አሉ። ምስክር ካስፈለጋቸው እኔ አለሁ። ደጄን ያውቁታል።

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ፤ ነይ እንጠጋ። እሜቴ፣ ይለፉ እንጂ፣ ተራዎ ደርሷል! ውይ፣ ዘንቢልዎ ወደቀ... አንሺላቸው፣ ተናኘ። ነጠላቸውም ከጆሯቸው ላይ ተንሸራቷል። ይሄ ብርድ መቼም አንጀት ይገባል።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ ያቺ ደግ ሰው። ቂም አለሽ ብትዪኝ አቦን የለኝም። አቦ ደጅ በቆምኩ ቁጥር ስማቸውን ሳላነሳ አልመለስም። እግዜር ዕድሜ ይስጣቸው። የልባቸውን መሻት አይንፈጋቸው። ያንን ይግባኛቸውን እንደሰማላቸው፣ የሚጸልዩትንም ሁሉ እንዲያው አድርጎ ይስማላቸው... አሜን በይ እንጂ፣ ተናኘ!