የተደፋው ፎቶ

ያን ቀን ያፈርሁትን ማፈር ለማንም አይስጥ። የአክስቴ ልጅ የአየር ኃይል ባልደረባ ነበር፤ በሰሜኑ ጦርነት ሞተ። ተዝካሩን ልናወጣ ቋሪት አክስቴ ቤት ተሰበሰብን። አውሮፕላን ተደግፎ የተነሣው ፎቶ ዳሱ ውስጥ ከፊታችን ተቀምጧል። ቄሱ ፍትሐቱን ጀምረው ስሙን ሊጠሩ ሲሉ ከሰማይ ጉምጉምታ ተሰማ። «ድሮን!» አለ አንዱ። እኔ አንድ እግር ጫማዬን ጥዬ ከዳሱ ጀርባ ባለው ባሕር ዛፍ ውስጥ ገባሁ፤ ቄሱ ቀድመውኛል።

ድምፁ ሲርቅ ተመለስን። አክስቴ ከቦታቸው አልተነሡም፤ ፎቶው ግን በፊቱ ተደፍቷል። «ወደቀ እንዴ?» ብዬ ላነሣው ስል እጄን ያዙኝ።

«ተወው፤ እኔ ነኝ የደፋሁት። የአውሮፕላን ድምፅ ሲሰማ ከቤት ወጥቶ እጁን እያውለበለበ ነው ያደገው። እናንተ ስትሸሹት እንዳያይ ብዬ ነው።»