«ለማጠብ ነው በዪው»

— ሄሎ... ሄሎ? ልጄ፣ አንቺ ነሽ? ምነው ታንሾካሹኪያለሽ?

— በምን መታሽ?... በቀበቶው ዘለበት? እጁ ይቆረጥ!... ደሙ ዓይንሽ ውስጥ እየገባ ነው? አንዱን የትራስ ልብስ ቅደጂና ግንባርሽን ጥፍር አድርገሽ እሰሪው።

— ባልሽስ የት ነው?... ሳሎን፣ በሩን ተደግፎ? ቢላዋ ይዞ?... «ብትወጪ አርድሻለሁ» አለ?

— አባቷ፣ መጥረቢያውን አስቀምጥ! እንጨት ስትፈልጥ እንኳ እግርህን የምትመታ ሰውዬ! ይልቅ ለወንድሜ ደውልለት። ጋራዡ እነሱ ሰፈር ነው፤ መኪናውን አስነስቶ በራፋቸው ላይ ይቁም። እንዳይገባ በለው፣ ይተላለቃሉ!

— ስሚኝ ልጄ። ሻንጣ እንዳትነኪ፤ ሻንጣ ካየ አለቀልሽ። የሕፃኗን ልብስ በሌላው የትራስ ልብስ ውስጥ ጠቅጥቂው... አዎ፣ እንደሚታጠብ ልብስ። ያን ግንባርሽን ያሰርሽበትን፣ ደም የጠጣውን ደግሞ ፈትተሽ ከላይ አድርጊው።

— አትደብቂው! ይየው። ባለፈው አፍንጫሽን ሰብሮ፣ ደሙን ስትወለውዪ ፊቱን አዙሮ ተቀመጠ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ? የሠራውን ማየት አይችልም።

— «ለማጠብ ነው» በዪው። ቧንቧው ደጅ አይደል?... ሕፃኗን በአንሶላ እዘያት። ስልኩን ሳትዘጊ ደረትሽ ውስጥ ክተቺው። በይ፣ ሂጂ።

...

— አባቷ፣ ዝም በል፣ እየሰማሁ ነው... «ምንድን ነው እሱ?» አላት... «ለማጠብ ነው» አለችው... ኮቴው ከበሩ ራቀ... መቀርቀሪያው! ከፈተችው!

— ምንድን ነው የወደቀው?... ያዛት! ልጄ፣ ጣዪለት! ልብሱን ጣዪለትና ሩጪ!... ሄሎ? ትሰሚኛለሽ? ሄሎ!

...

— ማነው?... ወንድሜ! ገባች? መኪናው ውስጥ ናት?... ወጋት? ምኗን?... ጀርባዋ ላይ'ኮ ሕፃኗ ናት!

— እይልኝ! አንሶላውን ግለጥና እይልኝ!... ትከሻዋን ነው? የናትየውን?... ሕፃኗስ? ታዲያ ለምን ዝም አለች?... ቆንጥጣት! ቆንጥጣት ነው የምልህ!

...

— እሰይ! አልቅሺ እናቴ... ጩኺልኝ!

— ወንድሜ፣ ምን ትጠብቃለህ? ስልኩን ዝጋና ወደ ሐኪም ቤት ንዳ!